ብርድ ልብስ የሚሰጣበት ግድግዳ

የዚያን እሑድ ጠዋት ከውኃ ገንዳው ሥር የቆምነው እነዚህ ነበርን። እኔ፣ ትንሹን ልጄን አዝዬ። ትልቋ ልጄ፣ ነጠላዬን ይዛ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ከውኃው መሥሪያ ቤት የተላከው ቴክኒሺያን፣ ትንሽ መዶሻ በኪሱ ከቶ። የገንዳው ዘበኛ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ። ከሴቶች ማኅበር የመጡ ጎረቤቶች፣ ገሚሶቹ ልብስ ሊያጥቡ፣ ገሚሶቹ ጠብ ከተነሣ ሊያዩ። ባሌ አልነበረም፤ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሰሞን አሰብ ወርዶ ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ ገና አልመጣችም። የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ፣ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ሁለት የኮንክሪት ቁራጮች ይዛ እስክትመጣ ነበር ሁላችንም የምንጠብቀው። ከልጆቼ መኝታ በላይ የቆመው ግድግዳ ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው በእነዚያ ቁራጮች ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

ቤታችን ከየካ በላይ፣ ዳገቱ ወደ እንጦጦ መክበድ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከሲግናል በእግር ስንወጣ መንገዱ እየጠበበ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ ይሄዳል። ታች መገናኛ ያሉት በረደን ሲሉ እኛ ጋ ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጠዋቶች ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ያድራል። ደጅ የተረሳ ባልዲ ላዩ በረዶ ይሠራል፤ ልጆች እሱን እየሰበሩ ይጫወቱበታል። እኔ እጃቸውን እየመታሁ አስጥላቸው ነበር። ሁሉን ነገር የምፈራ እናት ነበርኩ። ሳል እፈራለሁ፣ ጅብ እፈራለሁ፣ የኩራዝ እሳት እፈራለሁ፣ የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። ባሌ “አንቺ እኮ ጥላሽንም ዞረሽ ታያለሽ” እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ መንገድ ላይ ስለሚከርም ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ዞሬ ባላይ ማን ያይልኛል?

ገንዳው ከቤታችን በስተጀርባ፣ ከጣራችን ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ሠፈሩ ውኃ እንዲያገኝ ተብሎ በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት በእሑድ ዘመቻ ተገነባ። ግንበኞቹ ሲያቦኩ አሸዋና ጠጠሩን በባሬላ ያመላለስነው እኛው ነን። እኔም ትልቋን ልጄን አርግዤ ጠጠር ተሸክሜበታለሁ። አራት ግድግዳ ያለው፣ ላዩ የተከደነ፣ ቤት የሚያህል ነገር ነው። አንዱ ግድግዳ ወደ እኛ ያያል። ከዚያ ግድግዳ ሥር ገደል የምትመስል ትንሽ ቁልቁለት አለች፤ ከቁልቁለቷ ሥር የልጆቼ መኝታ ክፍል አለ።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ የልጆቹ ክፍል ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ጓ አለ። ሮጬ ስገባ ልጆቹ ተቀምጠው ይተያያሉ። “እማዬ፣ ጣራው ላይ ሰው አለ?” አለችኝ ትልቋ። ወጥቼ አየሁ። የእጄን መዳፍ የሚያህል የኮንክሪት ቅርፊት ነው። አንዱ ፊቱ ለስላሳ፣ ሌላው ፊቱ ሻካራና ርጥብ። ሳነሣው እጄ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ገንዳው ወጣሁ። ግድግዳው ፊቱ ተልጦ ነበር። ባለፈው መስከረም ለአብዮቱ በዓል ተለስኖ፣ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፎበት ነበር። መፈክሩ አሁን ሊነበብ አይችልም፤ ልስኑ ከነፊደሉ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ተበትኗል። ከልስኑ ሥር ያለው ኮንክሪትም አልተረፈም። ጠጠሩ እንደ ጥርስ ገጦ ወጥቷል። አንድ ቦታ ላይ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ታየኝ፤ ዝጎ፣ ቡናማ ውኃ ያለቅሳል።

ዘበኛው አባባ ከገንዳው ጥግ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡባት የኮንክሪት ጉማጅ ላይ ሆነው ፀሐይ ይጠብቃሉ።

“አባባ፣ ይኼ ግድግዳ ምን ሆነ?”

“ውርጭ በላው፣ ልጄ። ውርጭ የማይበላው ምን አለ? እኔንስ ቢሆን በልቶኝ የለ?”

“ታዲያ ያንን ጎን ለምን አልበላውም?” አልኳቸው። በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ አሳየኋቸው። ያኛው ጎን ሲሠራ የታሰረበት ጣውላ የተወበትን የእንጨት ምልክት እንኳ አልለቀቀም። ውርጩ ያው አንድ ነው፤ ሲሚንቶው ያው አንድ ነው፤ ተሸካሚዎቹም እኛው ነን።

አባባ ጎኑን አዩ፣ እኔን አዩ። “እኔ የተቀጠርኩት ሌባ እንድይዝ ነው። ውርጭን ያዝ ያለኝ የለም” አሉ።

የዚያን ዕለት የልጆቹን አልጋ ወደ በሩ አስጠጋሁ። ክፍሉን ትተን እንዳንወጣ ያለን ሌላ ክፍል ማዕድ ቤትም ሳሎንም የሆነው ነው፤ ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ቀይሩኝ ብል የሚሰጠኝ የለም። ስለዚህ ግድግዳው መዳን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለ ኮንክሪት የማውቀው መሸከሙን ብቻ ነው። ግን ማየት እችላለሁ። በየጠዋቱ ልጆቹን ካበላሁ በኋላ እየወጣሁ ግድግዳውን በእጄ መዳበስ ጀመርኩ። የመንገዱ ጎን ይቀዘቅዛል እንጂ ደረቅ ነው። የእኛው ጎን ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ላዩ ላይ ትርፍ ውኃ የሚያወጣ ቱቦ አለ፤ አጭር ስለሆነ ውኃው ወደ ውጭ ከመወርወር ይልቅ ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል። ባሕር ዛፉ ደግሞ እስከ ረፋድ ፀሐይ ይከለክለዋል። ውኃው ለልብስ አጣቢዎች ምቹ ስለሆነ ሥሩ የማጠቢያ ቦታ ሆኗል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤቴ የምታጥባቸውን ብርድ ልብሶች የምታሰጣው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ከላይ ድንጋይ ትጭንባቸዋለች። ወፍራም ብርድ ልብስ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ አመዳይ ይዞ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ማየት አንድ ነገር ነው፤ መናገር ሌላ ነው። ጎረቤቴ ከወሎ የመጣች ናት። ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ሰፊ። ባሌ በሌለበት ልጄ ትኩሳት ሲይዘው አዝላው እስከ ጤና ጣቢያ የወረደች እሷ ናት። እንጀራዋ ደግሞ ያ ግድግዳ ነው።

መጀመሪያ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነበር።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ የገንዳው ግድግዳ እየተላጠ ልጆቼ ጣራ ላይ እየወደቀ ነው።”

“አውቃለሁ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሲሚንቶ ተፈቅዶልናል። እንለስነዋለን፣ መፈክሩንም እንደገና እናጽፋለን።”

“በመስከረምም ተለስኖ ነበር እኮ።”

ብዕሩን አስቀመጠ። “ምን ማለትሽ ነው? ልስኑን ሰው ነው የሚያፈርሰው ትያለሽ? አሻጥር አለ ነው የምትይኝ?”

በዚያን ጊዜ አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም ነበር። በዓይኔ ወዲያው የታየችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ሥር የማትጠፋ እሷ ናታ።

“ኧረ የለም፣ ጓድ” አልኩ። “ሰው አይደለም። ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ አሻጥር አይሠራም፤ በወረደበት ነው የሚሄደው። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይየው ነው የምለው።”

ደጋግሜ ተመላለስኩ። ልጄን አዝዬ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። የቀበሌው ዘበኞች “የገንዳዋ እመቤት መጣች” ይሉኝ ጀመር። ይበሉ አልኩ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ሰልችቶት ይሁን አምኖኝ፣ ለውኃው መሥሪያ ቤት አመለከተና ቴክኒሺያኑ መጣ።

ገና ወጣት ነው፤ ብርድ አገር ሄዶ የተማረ ነው አሉ። የመንገዱን ግድግዳ በመዶሻው መታ፤ ቃ፣ ቃ አለ። የእኛውን መታ፤ እንደ ሞላ ጆንያ ዱብ፣ ዱብ አለ። ፌሮው የታየበትን ቦታ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

“አሁን አይወድቅም፤ አይፍሩ” አለኝ። “ግን በየዓመቱ እንዲህ ከተላጠ ፌሮው በሙሉ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ዋስትና የለኝም።”

“ታዲያ ጥሩ አድርገን እንለስነው” አለ ሊቀመንበሩ። “ሲሚንቶው መጋዘን ነው ያለው።”

“ርጥብ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን እንደገና ይወርዳል። ጓድ፣ ኮንክሪት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። ውኃ ይጠጣል። ውኃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ያብጣል። ቀዳዳው ጎደሎ ከሆነ የሚያብጥበት ቦታ አለው፤ ጢም ብሎ ከሞላ ግን መሄጃ ስለሌለው ኮንክሪቱን ይገፋዋል። ቀን ይሟሟል፣ ሌሊት ይገፋል። ቀን ይሟሟል፣ ሌሊት ይገፋል።”

“ውርጭማ የትም አለ” አለ ሊቀመንበሩ። “የእኔ ቤት ደረጃ ኮንክሪት ነው፤ ምንም አልሆነ።”

“ደረጃው ላይ ጣራ አለ?”

“በረንዳ ነው፣ አዎ።”

“አያዩም? ደረቅ ስለሆነ ነው። ብርዱ ብቻውን ብዙ አይጎዳውም። ውኃ የጠጣውን ነው የሚያፈርሰው።”

እኔ ነገሩ የገባኝ በቡሖቃ ነው። ሊጡ እስከ አፉ ድረስ ከተሞላ ኩፍ ሲል ክዳኑን ገፍቶ መሬት ይወርዳል፤ ጎደል ካለ ግን ኩፍ ብሎ እዚያው ይቀመጣል። ይህን ስል ቴክኒሺያኑ “እንደሱ ነው፣ እትዬ” አለና ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰጡት ብርድ ልብሶች ሄደ። “እነዚህ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያድሩት?”

ጎረቤቴ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ፣ ከማጠቢያዋ ቀና አለች።

“አዎ፣ ሁልጊዜ። ምነው?”

“ግድግዳው እንዳይደርቅ ያደርጉታል። መነሣት አለባቸው። ማጠቢያውም ወደ ታች መውረድ አለበት።”

“እሰይ!” አለች። “ውርጩ ከእንጦጦ ወረደ፣ ቱቦውን መሥሪያ ቤታችሁ አሳጠረ፣ ጥፋቱ የእኔ ብርድ ልብስ ሆነ! አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብስ ግድግዳ ሲያፈርስ የት አገር ነው ያየኸው? እዚያ የተማርክበት?”

አብረዋት የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። እሷ ግን ዞራ እኔን አየችኝ። “አንቺ ነሽ ያመጣሽው አይደል?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“በአጥር ተንጠራርተሽ ‘እባክሽ’ ብትዪኝ ምን ነበረበት?”

“ብልሽ ትሰሚኝ ነበር?”

“አልሰማሽም ነበር!” አለች። እጇን አራግፋ ተመለሰች። “ግን መጠየቅ ነበረብሽ።”

ቴክኒሺያኑ ፊቱ ቀላ፤ ግን ሊሄድ አልፈለገም። ከአባባ ሥር ያለችውን ጉማጅ ሲያይ ከየት እንደመጣች ጠየቀ። ገንዳው ሲሠራ የተረፈው ኮንክሪት ሣጥን ውስጥ ደርቆ የወጣ ነው። “አባባ፣ ይቺን ሁለት ላድርጋት?”

“መቀመጫዬን?”

“ለሕዝብ ጥቅም ነው፣ አባባ” አለ ሊቀመንበሩ።

“የሕዝብ ጥቅም ሁልጊዜ ከእኔ ቂጥ ሥር ነው የሚጀምረው” ብለው እያጉረመረሙ ተነሡ። በከባዱ መዶሻ ለሁለት ተሰነጠቀች። አንዱ ግማሽ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ማታ ከነውኃው ደጅ እንዲያድር፤ ሌላው ግማሽ ውኃ ሳይነካው ደረቁን ከጎኑ እንዲያድር አለ ቴክኒሺያኑ። ያው ውርጭ፣ ያው ሲሚንቶ። ልዩነቱ ውኃ ብቻ ነው። እሱም ጥር ሲጋመስ ተመልሶ ሊያይ ቀጠሮ ያዘ።

እኔ እጄን ስዘረጋ ጎረቤቴ ቀደመችኝ። “አንቺ ጋ አያድርም! ልጆችሽ ላይ ይወድቅብኛል ብለሽ በመጥረቢያ ትፈረክሺዋለሽ። ሁለቱም እኔ ግቢ ነው የሚያድሩት። ወላሂ፣ ሌላ ሰው አይነካቸውም።”

“ይደሩ” አልኩ። ግን ሠጋሁ። ደረቁን ቁራጭ ወስዳ ብትነክረው፣ ወይ ርጥቡን ማታ ማታ ብታስገባው ማን ያውቃል? ግን ከዚህ ሌላ የምታምንበት መንገድ አልነበረም። እሷ ሳታምን ደግሞ ብርድ ልብሱ አይነሣም፤ ቀበሌ በጉልበት ቢያስነሣው ሲመሽ ትመልሰዋለች። አውቃታለሁ።

ያ የውርጭ ወቅት ጠንካራ ነበር። ጎረቤቴ አላናገረችኝም። ጠዋት ጠዋት ሳፋዋን ስትጎትት፣ በረዶውን ስትመታ በአጥር በኩል እሰማለሁ። እንዴት ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ተንጠራርቼም አላየሁም። ልጆቼንም ወደዚያ እንዳትሄዱ አልኳቸው። እኔ በበኩሌ በሚቻለኝ ሠራሁ። የተጣለ ላሜራ ጠቅልዬ ቱቦው አፍ ላይ በሽቦ አሰርኩት፤ ውኃው ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ መውደቅ ጀመረ። ነፋስ ሲነሣ ግን መልሶ ይረጨዋል። ከግድግዳው ሥር በዶማ ፈር ቀደድኩ። መሬቱ ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ ነው፤ ትንሹ ልጄ ጀርባዬ ላይ እያለቀሰ፣ እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ። አባባ ቆመው ሲያዩኝ ከርመው አንድ ቀን ዱላቸውን አስቀምጠው አካፋ ያዙ። “ውርጭ ያዝ ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ አንቺ ልታሲዢኝ ነው” አሉ።

በነጋ በጠባ ቅርፊት ይወርዳል። ቆርቆሮው ጓ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ጓ ይላል። ግን መፍራቴ ከመሥራት አላስቆመኝም፤ ያን ዘመን የተማርኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ የዚያን እሑድ ጠዋት ከገንዳው ሥር የቆምነው። ጎረቤቴ ቆየች። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ከሴቶቹ አንዷ “ደረቁን በመዶሻ እየቀጠቀጠችው ይሆናል” ስትል ሳቅ ሆነ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ሳፋውን በጭንቅላቷ፣ ደረቁን ቁራጭ በብብቷ። ሳፋውን ከፊታችን አወረደችና ላዩ ላይ የጣለችውን ጨርቅ ገፈፈች።

ርጥቡ ቁራጭ አልጠፋም፤ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ከነበረ ተሳስቻለሁ። ግን ጠርዝ የሚባል አልቀረለትም። የተሰነጠቀበት ስለታም ጫፍ ተንዶ፣ እንደ ተጠባ ከረሜላ ሆኗል። ሳፋው ሥር አሸዋና ጠጠር ተንጣሏል። ደረቁን ከጎኑ አስቀመጠችው። እሱ አባባ የተነሡለት ቀን እንደነበረው ነው፤ ጫፉ እጅ ይቆርጣል።

እሷ ጎንበስ ብላ ርጥቡን አነሣችና በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ፈርፈር ብሎ ወረደ።

“በየጠዋቱ ሳፋውን ስገለብጥ አሸዋ አገኛለሁ” አለች። ለቴክኒሺያኑም ለሊቀመንበሩም አይደለም፤ ለእኔ ነው የምትናገረው። “መጀመሪያ ከውኃው ጋር የመጣ ነው አልኩ። ውኃውን በነጠላ አጥልዬ ቀየርኩት። ያው ነው። ሳፋውን አጥቤ ሞከርኩት። ያው ነው። ደረቁን ደግሞ በየቀኑ ዳበስኩት፤ አንዲት ቅንጣት አልወረደችም።” ቁራጩን ወደ ሳፋው መለሰችው። “ስንት ዓመት ነው ይኼን ግድግዳ ብርድ ልብስ ሳለብሰው የኖርኩት? ቢበርደው ነው ብዬ ነው መሰለኝ!”

አባባ ቀድመው ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁ መሐል እንባ መጣብኝ።

“አታልቅሺ፣ አንቺ ፈሪ” አለችኝ። “ብርድ ልብሱን አነሣለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።” ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። “ጓድ፣ እኔ አየር ላይ አላጥብም። ውኃው ታች ይውረድልኝ፤ ከሥሩ የምቆምበት ነገር ይሠራልኝ፤ ብርድ ልብሱን የምሰቅልበት ይተከልልኝ። ያ ካልሆነ ነገም እዚሁ ነኝ፤ ግድግዳውም ይፍረስ፣ እኔም ልታሰር።”

“ሲሚንቶው ለልስን ነው የተፈቀደው” አለ ሊቀመንበሩ። “በዓሉ ሲመጣ መፈክር የት ልጻፍ?”

“መንገድ በኩል ባለው ግድግዳ” አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። “እዚያ ይጻፍ፣ ጓድ። እዚያ አይረግፍም። መንገደኛውም የሚያየው ያንን ነው፤ ይኼኛውን የሚያየው የእኔ ቤት ጣራ ብቻ ነው።”

ሊቀመንበሩ ግድግዳውን አየ። ቴክኒሺያኑን አየ። ቴክኒሺያኑ “ሲሚንቶውን ለቦዩና ለማጠቢያው አድርጉት፤ ረዥም ቱቦ እኔ አመጣለሁ። ግድግዳው በጋውን በሙሉ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ ትለስኑታላችሁ” አለ። ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ፈታ፤ በሌላው እሑድ ሰው ሁሉ አካፋና ባሬላ ይዞ እንዲወጣ አዘዘ።

ሥራው ጥቂት እሑዶች ወሰደ። ቴክኒሺያኑ ቱቦውን አመጣ፤ ቃሉን ጠብቋል። ቦዩ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ፣ ከአባባ ጥግ አሳልፎ፣ ፀሐይ ወደምታገኘው ሜዳ አወረደው። እዚያ ለማጠቢያ ኮንክሪት ፈሰሰ፤ ውኃ እንዳይቋጥር አንዱን ጎን ዝቅ አደረጉት። ጎረቤቴ እግሯን አንፈራጣ ቆማ “ወደዚህ አዘንብሉት፣ ወደዚህ! ይኼም እንደዚያኛው ውኃ ሲጠጣ እንዲኖር ነው?” እያለች ግንበኛውን ታዝዘዋለች። ባሌ ከአሰብ ሲመለስ የጭነት ማሰሪያ ወፍራም ገመድ አመጣላት፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ ወጠረላት። “ባልሽ ከአንቺ ይሻላል፤ ሳይነግሩት ይገባዋል” አለችኝ። እንደገና መነጋገር የጀመርነው እንደዚህ ነው።

ግድግዳው በጋውን ሲደርቅ ከርሞ በተረፈው ሲሚንቶ ተለሰነ። በቀጣዩ ኅዳር አመዳዩ ሲመለስ ከሁሉ ቀድሜ የወጣሁት ግድግዳው ጋ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ ነው። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። ልስኑ አልተነሣም። ቆርቆሮዬ ጓ አላለም። የልጆቹን አልጋ ግን ወደ ቦታው የመለስኩት ሌላ ዓመት ቆይቼ ነው፤ እኔ እኔው ነኝ።

ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት አብራን ኖረች። የመጀመሪያ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ቆስሎ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል የሚል ወሬ ሰማች። ባሌ ወደ አሰብ ሲወርድ ኮምቦልቻ ድረስ አድርሰኝ አለችው፤ ታናናሾቹንም ይዛ ተነሣች። በሄደችበት ጠዋት ሳፋዋን በአጥር አሳልፋ ሰጠችኝ። “እስክመለስ ያዢልኝ። ግድግዳሽንም አድርቂ” አለች። ባሌ ኮምቦልቻ መነኻሪያ አወረዳት፤ ከሌላ መኪና ጋር አስማምቶ ወደ ደሴ ሸኛት። ከዚያ መንገዱ በጦርነቱ ተዘጋ። ከዚያም መንግሥት ተለወጠ። እሷ አልተመለሰችም።

ልጆቼ ከዚያ ክፍል አድገው ወጡ። ግድግዳው አሁንም ቆሟል፤ ሳፋውም እኔ ጋ ነው፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ይህን የምታነቡ፣ በዚያን ዘመን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተሳፈረች፣ ጠይም፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ከመሐል የተሰነጠቀ፣ ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ ስትናገር ሰው የምታስቅ ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ልጇን አገኘችው ወይ? እሷስ ደኅና ናት ወይ? እኔ እዚያው ቤት ነኝ፣ ከገንዳው ሥር። እባካችሁ ወሬዋን ንገሩኝ።